በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ስለ ወሲባዊ ማንነት የሚነሱ ጥያቄዎች፦ የጅቡቲ ከተማ መምህራን ምን ይገጥማቸዋል?

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ረገብ ሲል፣ በጅቡቲ ከተማ ማህሙድ ሃርቢ አደባባይ ዙሪያ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ዞር ብሎ የሚመለከታቸው የለም። ጓደኛሞች፣ ወንድማማቾች ወይም ከድሬዳዋ አብረው የመጡ ሾፌርና ረዳት ሊሆኑ ይችላሉ። በአዲስ አበባም፣ በሐረርም፣ በሐርጌሳም እንዲሁ ነው።

ይኸው ትዕይንት በፎቶ ተነስቶ በእንግሊዝኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍና መምህሩ “እነዚህ ሰዎች ምንና ምን ሊሆኑ ይችላሉ?” ብሎ ቢጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ተማሪ ይስቃል፣ ሌላው አንገቱን ይደፋል። ሦስተኛው፣ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ዘመድ ያለው፣ በዚያ አገር እንዲህ መሄድ ሌላ ትርጉም እንዳለው ይናገራል። የሰዋስው ትምህርቱ በአንድ ጊዜ ወደ ወሲባዊ ማንነት ጥያቄ ይዞራል። መምህሩም በሰከንዶች ውስጥ መወሰን ይኖርበታል።

ምሳሌው ከምናብ ብቻ የመጣ አይደለም። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኔልሰን በአውሮፓውያኑ 1999 ‘ቴሶል ኳርተርሊ’ በተሰኘው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማስተማር ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ የሚያጠነጥነው በአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ በተካሄደ ተመሳሳይ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ትምህርቱ ‘ኩድ’፣ ‘ማይት’ እና ‘መስት’ የተባሉትን የእንግሊዝኛ ረዳት ግሦች አጠቃቀም የሚመለከት ነበር። ለተማሪዎቹ የተሰጠው መልመጃ ሁለት ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ የሚያሳይ ሁኔታን ያቀርብና ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ እንዲገምቱ ይጠይቃል። ከልዩ ልዩ አገራት የመጡት ስደተኛ ተማሪዎች እህትማማቾች፣ ጓደኛሞች፣ እናትና ልጅ፣ ፍቅረኛሞች የሚሉ ግምቶችን ሰነዘሩ። ክርክሩ የሞቀው ግን “በእኛ አገር እንዲህ መሄድ ምንም ማለት አይደለም፤ እዚህ ግን ሰው ምን ይላል?” ወደሚለው ሲያመራ ነበር።

ኔልሰን ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ቀላል ቢመስልም ሥር ያለው ነው። የቋንቋ ተማሪ ማወቅ ያለበት የቃላቱን ፍቺ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ድርጊት በአንድ ማህበረሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚነበብም ጭምር ነው። የእጅ መያያዝ ትርጉም እንደ ግሥ እርባታ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

እንግሊዝኛ በጅቡቲ ለምን ተፈላጊ ሆነ?

የጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። ሕዝቡ በየቤቱ የሚናገረው በአብዛኛው ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። አማርኛ ደግሞ በገበያው፣ በምግብ ቤቱ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚያርፉባቸው ሰፈሮች ሁሉ ይሰማል። እንግሊዝኛ ለአገሬው ሰው አራተኛ ወይም አምስተኛ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁንና ፈላጊው ብዙ ነው። የአሜሪካ ጦር በቀድሞው የፈረንሳይ ሰፈር በካምፕ ሌሞኒየር ከተቀመጠ ሁለት አስርት ዓመታት አልፈዋል። ጃፓን በ2011፣ ቻይና በ2017 የጦር ሰፈር ከፍተዋል። ወደቡም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የባቡር መስመር የውጭ ዜጎችን ያስተናግዳል። በዚህ ላይ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከየመን የመጡ ስደተኞች አሉ። ለእነሱ እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ወደ ሦስተኛ አገር እንሻገራለን የሚል ተስፋ ያሳደሩበት ቋንቋም ነው። በደቡብ ጅቡቲ በሚገኙት በአሊ አዴ እና በሆል ሆል የመጠለያ ጣቢያዎች ትምህርት ለረዥም ጊዜ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። የኢጋድ አባል አገራት የስደተኞችን ትምህርት ከብሔራዊ ሥርዓታቸው ጋር ለማዋሃድ ቃል የገቡበት መግለጫ በታኅሣሥ 2017 የጸደቀውም በዚችው ከተማ ነበር።

ስለዚህ በአንድ የማታ ክፍል ውስጥ የወደብ ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛና ስደተኛ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ሕጋዊ ሁኔታቸውም ሆነ እምነታቸው ይለያያል። ስህተት ቢሠሩ የሚከፍሉት ዋጋም እኩል አይደለም።

የቤተሰብ ሐረግ የሚሉት መልመጃ

ብዙዎች “ወሲባዊ ማንነት” የሚለውን ሐረግ ሲሰሙ የሚታያቸው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ብቻ ነው። በዘርፉ የሚጽፉ ሰዎች ግን ሐረጉን ሰፋ አድርገው ይይዙታል። ማግባትና አለማግባት፣ መፋታት፣ ብቻን ልጅ ማሳደግ፣ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት፣ እጮኛ መያዝ ወይም አለመያዝ፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ አተያይ የእንግሊዝኛ ክፍል ስለ ወሲባዊ ማንነት ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። “ባልሽ ምን ይሠራል?”፣ “የወደፊት ሚስትህን ግለጻት”፣ “ቅዳሜና እሁድን ከማን ጋር አሳለፍሽ?” የሚሉት ተራ መልመጃዎች ሁሉ አንድን ዓይነት ሕይወት እንደ መደበኛ ቆጥረው የሚጠይቁ ናቸው።

ከ1970ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የቋንቋ ማስተማሪያ ስልት ተማሪው ስለ ራሱ እንዲናገር ይገፋፋል። ሰዋስውን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ሕይወትን መተረክ ይሻላል የሚል ነው። ይህ ለብዙው ተማሪ ጠቅሟል። መናገር ለማይችለው ተማሪ ግን መልመጃው ወደ ምርመራ ይጠጋል።

የቤተሰብ ሐረግ ሥዕልን እንውሰድ። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ከፍቶ ይህን ገጽ ያላገኘ ያለ አይመስለኝም፤ አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ምናልባትም ውሻ። በ2002 የወጣው የጅቡቲ የቤተሰብ ሕግ ከአንድ በላይ ማግባትን በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል። የሁለት እናቶች ልጆች በአንድ ግቢ የሚያድጉበት ቤት በዚያ ሥዕል ላይ ቦታ የለውም። ባሏ ባህር ላይ የቀረባት የስደተኛ ሚስት፣ ወላጆቹን በጦርነት ያጣ ታዳጊ፣ ሳያገባ አርባ ዓመት የሞላው ሰው፣ እነዚህም ሁሉ ሥዕሉን ሲሞሉ ወይ ይዋሻሉ ወይ ይተዉታል። ለተመሳሳይ ጾታ የሚሳብ ተማሪ ካለ እሱም ከእነሱ መካከል ነው። ልዩነቱ እሱ እውነቱን ቢናገር የሚመጣበት ነገር ከኀፍረት አልፎ መሄዱ ነው።

መጻሕፍቱ ለምን ዝም አሉ?

በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት አሳታሚዎች ዘንድ ‘ፓርስኒፕ’ የሚባል የታወቀ ምህጻረ ቃል አለ። ፓርስኒፕ ካሮት መሰል የሥር አትክልት ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ፊደል አንድ የሚዘለል ርዕስ ይወክላል፦ ፖለቲካ፣ አልኮል፣ ሃይማኖት፣ ወሲብ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ‘ኢዝም’ ተብለው የሚጨርሱ ርዕዮተ ዓለሞችና የአሳማ ሥጋ። ምክንያቱ ንግድ ነው። አንድ መጽሐፍ በለንደን ታትሞ በሪያድም በሴኡልም በጅቡቲም እንዲሸጥ ከተፈለገ ማንንም የማያስቀይም መሆን አለበት።

የመምህራን አሠልጣኙ ስኮት ቶርንበሪ በ1999 ይህን ዝምታ በጽሑፍ ተችተዋል። የሴቶችና የጥቁሮች ውክልና በመጻሕፍቱ ሲሻሻል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጨርሶ አለመኖራቸውን ነበር ያነሱት። ጆን ግሬይም በ2013 ባሳተሙት ጥናት በብሪታኒያ የተዘጋጁ ታዋቂ የትምህርት መጻሕፍትን መርምረው ሁኔታው እምብዛም እንዳልተለወጠ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዝምታው ሁልጊዜ “ወግ አጥባቂ አገራትን ላለማስቀየም” ብቻ የመጣ አልነበረም። በብሪታኒያ ራሷ ‘ክፍል 28’ ተብሎ የሚታወቀው የ1988 ድንጋጌ የአካባቢ አስተዳደሮች የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን “እንዳያስተዋውቁ” ይከለክል ነበር። በስኮትላንድ በ2000፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ2003 ነው የተሻረው። መምህራኑ ግን ርዕሱን በሙሉ ሸሽተውት ነበር። ዛሬ ከለንደን ለአፍሪካ መምህራን “ግልጽ ሁኑ” የሚል ምክር ሲላክ፣ ላኪው አገር ከትናንት ወዲያ የት እንደነበር ማስታወስ አይከፋም።

በካምፕ ሌሞኒየር የሚገኙ በጎ ፈቃደኛ ወታደሮች ከጅቡቲ ተማሪዎች ጋር በእንግሊዝኛ የሚነጋገሩባቸው የውይይት ቡድኖችም አሉ። የአሜሪካ ጦር የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ አባላቱ ማንነታቸውን በግልጽ እንዳይናገሩ የሚከለክለውን ሕግ የሻረው በመስከረም 2011 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ እንግሊዝኛ ለማለማመድ የሚመጣው ወታደር ራሱ “ቅዳሜና እሁድን ከማን ጋር አሳለፍክ?” ለሚለው ጥያቄ በነፃነት መመለስ ላይችል ይችል ነበር።

ድንበር ሲሻገር የሚለወጥ ሕግ

በጅቡቲ በ1995 የወጣው የወንጀል ሕግ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በስም ጠቅሶ ወንጀል አያደርግም። ይህ ማለት ግን ሁኔታው ልቅ ነው ማለት አይደለም። የሕዝብን ሥነ ምግባር የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሉ። እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት በሆነበትና የቤተሰብ ክብር ከሁሉ በላይ በሚታይበት ማህበረሰብ ውስጥ ርዕሱ በአደባባይ አይነሳም። ቅጣቱ ከፍርድ ቤት በፊት ከቤት ይጀምራል።

ከጅቡቲ ተነስቶ ጋላፊን የተሻገረ ሰው ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 630 ደግሞ ቅጣቱን ከባድ የሚያደርጉ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱ ባለው ሥልጣን ተጠቅሞ ሌላውን ለድርጊቱ መዳረግ ሲሆን፣ ሕጉ በዚህ ረገድ በስም ከሚጠቅሳቸው መካከል መምህር ይገኝበታል።

ይህን አንቀጽ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ስለ አንድ ቃል ፍቺ በክፍል ውስጥ ማስረዳትን አይደለም። ነገር ግን “መምህር” የሚለው ቃል በዚያ አንቀጽ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ብዙ አስተማሪዎችን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። በነሐሴ 2023 የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል ባሏቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመራቸውን ሲያስታውቁ፣ በማህበራዊ ሚዲያ የነበረው ድባብ ለማንኛውም ዓይነት ውይይት የሚመች አልነበረም።

በሶማሊያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 409 ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ይደነግጋል። በኬንያ ቅጣቱ እስከ 14 ዓመት ሲሆን፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 ሕጉ እንዲጸና ወስኗል። ዩጋንዳ በ2023 ያወጣችው ሕግ ከሁሉም ይለያል፤ ግንኙነቱን “ማስተዋወቅ” ራሱን እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል። ለአንድ የእንግሊዝኛ መምህር በአዲስ አበባና በካምፓላ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ማንበቢያ ምንባብ መምረጥ ብቻ አንዱ ጋ ሐሜት፣ ሌላው ጋ ክስ ሊያመጣ ይችላል።

“ጓደኛዬ መጣች” ወይስ “ጓደኛዬ መጣ”?

ከሕጉ ይልቅ ለቋንቋ መምህር የሚቀርበው ሌላ ችግር አለ፤ እሱም ከቋንቋዎቹ ጠባይ የሚመነጭ ነው።

እንግሊዝኛ ‘ፓርትነር’፣ ‘ስፓውስ’፣ ‘ፍሬንድ’ በሚሉት ቃላት ጾታን መደበቅ ይችላል። “ማይ ፓርትነር ሌፍት” ያለ ሰው ስለ ወንድ ይሁን ስለ ሴት እንደተናገረ አይታወቅም። አማርኛ ግን ይህን አይፈቅድም። ስሙ ‘ጓደኛ’ ጾታ ባይኖረውም ግሡ ያጋልጣል፤ ወይ ‘ሄደ’ ነው፣ ወይ ‘ሄደች’። ሁለተኛ መደብ ላይም ‘አንተ’ና ‘አንቺ’ን መለየት ግድ ነው። ሶማሊኛ በሁለተኛ መደብ ይህን ልዩነት ባያደርግም በሦስተኛ መደብ ያደርጋል። ስለዚህ ‘ፓርትነር’ የሚለው ቃል በክፍል ውስጥ ሲነሳ “ወንድ ነው ሴት?” የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሁልጊዜ ከጉጉት አይደለም። ተማሪው በራሱ ቋንቋ ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ያስፈልገዋል።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ሆኖ የማይቀርበት ቦታ አለ፤ የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ2012 ባወጣው መመሪያ በጾታ ዝንባሌያቸው ወይም በጾታ ማንነታቸው የሚሳደዱ ሰዎች በ1951ዱ ስምምነት መሠረት ጥበቃ ሊያገኙ እንደሚችሉ አስቀምጧል። ጅቡቲ ስምምነቱን የተቀበለችው ነፃ በወጣችበት በ1977 ነው። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2010 ከኢራንና ከካሜሩን በመጡ ሁለት አመልካቾች ጉዳይ፣ ሰው ማንነቱን ደብቆ እንዲኖር በማሰብ ወደ አገሩ መመለስ እንደማይገባ ወስኗል።

እንግዲህ ጠያቂው በእንግሊዝኛ “ፓርትነርህ ያውቅ ነበር?” ለማለት ጾታ የሌለውን ቃል ተጠቅሞ ይጠይቃል። አስተርጓሚው ሳያስበው “የፍቅር ጓደኛህ ታውቅ ነበር?” ብሎ በሴት ይተረጉመዋል። አመልካቹ ይደናገራል፣ ወይም ፈርቶ “አዎ፣ ታውቅ ነበር” ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለ ወንድ ሲናገር መዝገቡ ላይ “የሚጋጭ ቃል” ሆኖ ይሰፍራል። አማርኛ ለጉዳዩ ያለው የተለመደ ቃልም ከመጽሐፍ ቅዱስ የሰዶም ታሪክ የመጣ ነው። ስለዚህ ሰውየው ስለ ራሱ ሲናገር በራሱ ላይ የሚፈርድ ቃል ለመጠቀም ይገደዳል። ጥቂት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ግን በቃለ መጠይቁ ላይ “አስተርጓሚው የተሳሳተ ጾታ ተጠቅሟል” ማለት ይችላል። በእኔ እይታ፣ የእንግሊዝኛ መምህራን እነዚህን ጥቂት ቃላት በትክክል እንዲያስተምሩ ከሚያበቁ ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው።

ስደተኛ ላልሆነውም ቢሆን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የካናዳ የዜግነት ፈተና መመሪያ በ2009 ሲወጣ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት ዝም ብሎ ነበር፤ በ2011 እትሙ ተጨመረበት። ኔዘርላንድስ ከ2006 ጀምሮ ወደ አገሯ ለሚገቡ ሰዎች ያዘጋጀችው ፊልም ሁለት ወንዶች ሲሳሳሙ ያሳይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምስል ለተከለከለባቸው አገራት ደግሞ የተቆረጠ ቅጂ ተዘጋጅቶለታል። ፈተናውን የሚወስደው ሰው በነገሩ መስማማት አይጠበቅበትም። ጥያቄውን መረዳት ግን ይኖርበታል።

የአደባባዩ የቀድሞ ስም

የማህሙድ ሃርቢ አደባባይ የቀድሞ መጠሪያ ራምቦ አደባባይ ነበር። በከተማዋ የነበረው የፈረንሳይ የባህል ማዕከልም የዚሁ ገጣሚ ስም ነበረው። አማርኛ አንባቢ አርቱር ራምቦን የሚያውቀው በሐረሩ ‘ራምቦ ቤት’ ነው። በ1880 ሐረር የገባው፣ በኋላም ከታጁራ ተነስቶ ለምኒልክ ጦር መሣሪያ ያጓጓዘው ነጋዴ ነው።

ያ ሰው ከዚያ በፊት ከገጣሚው ፖል ቬርሌን ጋር በፍቅር ግንኙነት ለንደን ኖሯል። ኑሯቸውን ለመግፋት በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥተው ፈረንሳይኛ ለማስተማር ተነስተው ነበር። በሐምሌ 1873 ቬርሌን ብራስልስ ውስጥ በሽጉጥ አቁስሎት የሁለት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በ2020 ሁለቱን በፈረንሳይ የታላላቆች መካነ መቃብር በፓንቴዮን ጎን ለጎን ለማሳረፍ የቀረበው ጥያቄ፣ የራምቦ ቤተሰብ በመቃወሙ በ2021 በፕሬዝዳንት ማክሮን ውድቅ ተደርጓል። በጅቡቲና በሐረር ስሙ ሲጠራ የሚነገረው ስለ ግጥሙና ስለ ንግዱ ነው፤ ሌላው ይታለፋል። መምህሩ ከዚህ ማለፍ የሚማረው ነገር ካለ፣ ርዕሱ ከውጭ ተጭኖ ትናንት የመጣ አለመሆኑን ነው።

መምህሩ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ኔልሰን በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ከመቶ በላይ መምህራንና ተማሪዎች የሰጡትን ሐሳብ መሠረት አድርገው ሦስት አካሄዶችን ለይተዋል። አንዱ በስሜትና በመከባበር ላይ ያተኩራል። ሁለተኛው ርዕሱን ለክርክር ያቀርባል። ሦስተኛው ሰዎች ስለ ጉዳዩ እንዴት እንደሚናገሩ፣ ቋንቋው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚደብቅ ይመረምራል።

ለጅቡቲ ከተማ ክፍል ሁለተኛው አደገኛ ነው። “ትስማማለህ ወይስ ትቃወማለህ?” ተብሎ በሁለት ጎራ የተከፈለ ክፍል፣ ዝም ያለውን ተማሪ ከሁሉ በላይ ያጋልጣል። አንደኛውም ቢሆን ተማሪው ስለ ራሱ እንዲገልጽ ከገፋፋ ጥፋት ነው፤ ክፍል ምስጢር የሚጠበቅበት ቦታ አይደለም። ሦስተኛው ግን የቋንቋ መምህሩን ከሙያው አያስወጣውም።

በተግባር ይህ ብዙ ጣጣ የለውም። “ስለ ቤተሰብህ ተናገር” ከማለት “ስለምታውቀው ወይም በምናብህ ስለፈጠርከው ቤተሰብ ተናገር” ማለት ይቻላል። ተማሪው የራሱን ሕይወት በሦስተኛ ሰው ስም ሊተርክ ወይም ላይተርክ ይችላል፤ መምህሩም አይጠይቅም። አሮጌ ምንባብ ውስጥ ‘ጌይ’ የሚለው ቃል ሲገጥምና ክፍሉ ሲንሾካሾክ፣ ቃሉ ቀድሞ ‘ደስተኛ’ ማለት እንደነበር፣ ዛሬ ግን በዋናነት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪን እንደሚያመለክት፣ እንደ ስድብ ሲነገርም ነውር እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይበቃል። አንድ ተማሪ አረማመዱ ወይም ድምፁ ለፌዝ ሲዳረግ ፌዙን ማስቆም ደግሞ ከየትኛውም ሕግም ሆነ እምነት ጋር አይጋጭም።

ከውጭ የሚመጡ መምህራን ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር ስልኩን ነው። ዛሬ ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን የሚለዋወጡት በዋትስአፕና በቴሌግራም ቡድኖች ሲሆን፣ በክፍል የተነገረ ዓረፍተ ነገር ተቀርጾ ከምሽቱ በፊት ባልባላ ሊደርስ ይችላል። ስለ ግል ሕይወት የሚጻፉ መልመጃዎች በወረቀት ቢሠሩ፣ ስም ባይጻፍባቸው፣ መምህሩም አርሞ ለባለቤቶቹ በእጃቸው ቢመልስ ይሻላል።